አባባ የሚያዳምጥበት ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 9፡30

አምስት ነጠላ ቋጭቼ ጨረስኩ። ጣቴ ዝሏል። ነገ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላለችው ደንበኛዬ ማድረስ።

አባባ ዛሬም የሽመና ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ለቋል። ዓይኑ ደክሞ ሽመና ካቆመ ሁለት ዓመቱ። አንጀቴን በላውና ስልኬን አወጣሁ። ቴሌግራም ላይ ጀማሪ ጸሐፊዎች አጫጭር ታሪክ የሚለጥፉበት ቻናል አለ። ጠፈር፣ ጠንቋይ፣ የሚናገር ተራራ፣ የሌለ ነገር የለም። አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እንጦጦ ላይ ደመና እንደ ከብት ስለሚያረቡ ሰዎች ነው። ጠዋት ጠዋት ያልቧቸዋል። አባባ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልናዘዝ። ድሮ ከት/ቤት ስመለስ ሥራዬ ይሄ ነበር። እሱ ይሸምናል፣ እኔ አጠገቡ አነባለሁ። እሱ ፊደል አልቆጠረም። ቤታችን የታሪክ መጽሐፍ አልነበረም። የሒሳብ ደብተሬን ገልጬ ከራሴ እየፈጠርኩ አነብለት ነበር። ክንፍ ስላላት ፍየል፣ ጨረቃ ላይ ስላለው ገበያ። ልጄ መጽሐፍ ታነብልኛለች እያለ ለጎረቤት ሲኮራ እውነቱን መናገር አቃተኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ታላቅ ወንድሜ ደስታ ደወለ። ግንበኛ አግኝቷል። ረቡዕ መጥቶ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። አባባ ባለፈው ወር አዳልጦት ገብቶበት ነበር፤ ዳሌው ቢሰበርስ ይላል። እውነቱን ነው። እሺ አልኩ። አባባም እሺ አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

የዛሬው ታሪክ፦ የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ የሚሸምን ሽማግሌ። ጸሐፊዋ ሊያ የምትባል ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ታሪኳ ነው። ማንኪያው፣ ውሃው፣ ሁሉም አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰውየው ተረጋግቶ ይሸምናል። አባባ በእጁ አስቆመኝ። ማንኪያው ከተንሳፈፈ ሰውየውስ? መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ራሱ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ድሩ አይከፈትለትም። መርገጫው የተነሳበትን ባዶ ጉድጓድ እየረገጠ አሳየኝ። እንደ ድሮው፣ ቀኝ፣ ግራ። ልጅቷ ወገቡን ትሰረው፣ ንገሪያት አለ።

እያፈርኩ ጻፍኩላት። ሰዓት ሳይሞላ መለሰች። አባትዎን በጣም አመሰግናለሁ፣ በምን ልሰረው ትላለች። አባባ፦ በራሱ ጋቢ ነዋ፣ በምን ሊሆን ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሰዓት 10፡00

ሊያ አስተካክላ ለጠፈችው። ሽማግሌው ወገቡን በጋቢው ታስሮ ይሸምናል። አነበብኩለት። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ጎበዝ ናት፣ ያንቺዎቹ ግን ይበልጡ ነበር አለ።

የቶቹ አልኩት። የፍየሏ አለ። እሷ እኮ መጽሐፍ ላይ ናት ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ፊደል ባላውቅ ቁጥር አላውቅም? ስንት ዓመት ድር ስቆጥር የኖርኩ ሰው። የሒሳብ ደብተርሽ ነበር፣ አሙዬ።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቆ ዝም! ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ብነግርሽ ትተይዋለሽ ብዬ ነው አለ። አለቀስኩ። እሱ ግን ጨዋታውን አልጨረሰም፤ ፍየሏ ጨረቃ ገበያ እንደገባች ነው የተውሻት፣ ኋላ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንጃ። ስምንተኛ ክፍል ስገባ ማንበብ ተውኩ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 2፡30

ለደስታ ደወልኩ። ግንበኛው አይምጣ። የምንፈልገው አናጺ ነው፤ አባባ ሲነሳ የሚዘጋ ጠንካራ የእንጨት ክዳን እናሠራለን፣ ሲቀመጥ ሲነሳ እጁን የምይዘው እኔ ነኝ። ጮኸብኝ። ከሐሳቤ አልተመለስኩም። በመጨረሻ የጉድጓዱን ልክ ላኪልኝ አለ።

ከሱቅ ደብተር ገዝቼ መጣሁ። ባለ ካሬ፣ የሒሳብ። አባባ እግሩን ለቆ እየጠበቀ ነው፤ ምን ላነብለት እንደሆነ ያውቃል። አንድ መስመር እንኳ ሳልይዝ መቀመጥ ፈራሁ፣ እዚሁ ልጀምረው፦ ፍየሏ ከገበያው ስትወጣ መሽቶባት ነበር፣ ክንፏም…