ከፊልም የመጣ ቀኖና

ለውድ እህቴ ለትርሓስ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ቦሎኛ እንዴት ይዞሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሌሊቱን ቆመሽ ታድሪያለሽ? ዮሃንስስ ሥራ እንዴት ነው? አርያም ጤናዋ፣ ትምህርቷ፣ አማርኛዋስ? እኛ ከነብስጭታችን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ በወሩ መጀመሪያ ብትጠይቂኝ ግን መልሴ ሌላ ነበር። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ከግድግዳ ማዶ ስለሚሰማ ነው። እናም ጽፌ፣ ወደዚያ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሙሐሲን ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ ግቢያችንን ለፊልም ቀረጻ በፈቀድን ጊዜ ነው። ካዛንቺስ የነበሩት ባለበረንዳ የእንጨት ቤቶች ስለፈረሱ አሮጌ ቤት የሚፈልግ ሁሉ አሁን የሚያንኳኳው ቂርቆስን ነው። እኔ እምቢ ብዬ ነበር። ለፊልሙ ልብስ የምታዘጋጀው የጎረቤት ልጅ ሜቲ ግን እማዬን ለመነቻት፤ እማዬም "ቤቱን ሰው ይየው፤ ነገ ተራው ከደረሰስ?" ብላ ፈቀደች።

ፊልሙ መንፈሳዊ ነው ተባለ። የዘንድሮን መንፈሳዊ ፊልም መቼም አይተሽ ይሆናል። ሀብታም ይበድላል፣ መብረቅ ይጮኻል፣ ልጅቷ ነጠላዋን አጣፍታ ዝናብ እየደበደባት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታለቅሳለች፣ ከዚያ አንድ ቄስ መስቀል ሲያነሳ ጋኔኑ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ድርሰቱን እንዳነብላቸው ሰጡኝና በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩላቸው። ቄስ መቋሚያውን እንደ ጦር አይዝም። ዐቢይ ጾም በጥቅምት አይገባም። ጉልበት ለሌላት ባልቴት በቀን አርባ ስግደት አይታዘዝም። ዳይሬክተሩ በጣም አመስግኖኝ አንዱንም አላስተካከለም።

ቄሱን ሆኖ የሚጫወተው ሊካሳ የሚሉት ነው፤ በየማስታወቂያው ጥርሱን የሚያሳየው። በዚህ ዓመት ጌታን ተቀበልኩ ብሎ በቴሌቪዥን ምስክርነት ሰጥቶ ከተማው ስለ እሱ ብቻ ሲያወራ ነበር። ማን ምን ቢያምን እኔን አያገባኝም። የሚያናድደኝ ዝነኛ ሰው ባመነ ቁጥር ካሜራ መጠራቱ ነው። ምስክርነቱና የፊልሙ ማስታወቂያ በአንድ ሳምንት ሲወጡ ሰው ምን ይበል? ሜቲን "ጴንጤ ሆኖ የእኛን ቄስ ይጫወታል?" ብላት "ጋሼ፣ አክተር እኮ ነው፤ ባለፈው ሌባ ሆኖ ሠርቷል፤ ሰረቀ እንዴ?" አለችኝ። አባባሏ ልክ መሆኑም አናደደኝ።

ቀረጻው አልቆ ከሄዱ በኋላ፣ የሻረግ እንደ ልማዷ የእማዬን እግር ስታጥብ ሁለቱም ጉልበቶቿ አብጠው አገኘቻቸው። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ብንላት አሻፈረኝ አለች። አንድ ጠዋት መነጽሬን ረስቼ ከመንገድ ስመለስ፣ በክፍሏ ውስጥ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ስትሰግድ ደረስኩባት። መውረዱን እንደምንም ትወርዳለች፤ ስትነሳ ግን ማየት አልቻልኩም። ምን እያደረግሽ ነው ብላት "ቀኖናዬን ነዋ" አለች። ማን የሰጠሽ? "በረንዳችን ላይ የነበሩት አባት።"

የንስሐ አባቷ አባ ገብረጻድቃን ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄደው፣ እግራቸውም ታሞ መምጣት እንደተዉ ታውቂያለሽ። ሌላ አባት ያዢ ስንላት "ሰማንያ ዓመቴን ከሀ ጀምሬ ልተርክ ነው?" ትለን ነበር። ለካስ ሊካሳ በቀረጻው መሀል ቀሚሱን እንደለበሰ በረንዳው ላይ ሲያርፍ፣ እሷ ነጭ ጥምጥም ታይቷት "አባቴ ይፍቱኝ" ብላዋለች። እሱም ከድርሰቱ እንደተማረው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብሎ መስቀሉን አሳለማት። አጠገቡ ተቀምጣ የልቧን ሁሉ ነገረችው። ስትጨርስ ቀኖና ስጡኝ ስትለው፣ በድርሰቱ ለባልቴቷ የተጻፈውን በቀን አርባ ስግደት አዘዘላት። እኔ በቀይ የሰረዝኩት ቃል ዞሮ በእናቴ ጉልበት ላይ አረፈ።

ቄስ አይደለም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ብታዪው አንቺም አትችዪም ነበር፤ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው። ለጽዮን እቆርባለሁ ብላ ነጠላዋን አሳጥባ አስቀምጣለች። ስለዚህ ስግደቱን ብቻ ተዪው አልኳት። "ያዘዘኝ ይፍታኝ እንጂ አንተን ማን ሾመህ?" አለችኝ።

ሊካሳን ፍለጋ ሄድኩ። ላንቻ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ምስክርነት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ከኋላ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ዕድሜዬን በውሸት እንባ ኖሬያለሁ ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሲወጣ አብረውት ፎቶ ከሚነሱት መሀል ገብቼ ነገሩን አስረዳሁትና፣ ያንን ቀሚስ ልበስና መጥተህ ፈትቼሻለሁ በላት፣ ሁለት ደቂቃ ነው አልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። እውነት መስገድ ይጀምራሉ ብሎ እንዳላሰበ ነገረኝ። "ጋሼ፣ ላስቆማቸው ነበር እኮ። ግን እያለቀሱ ጀመሩ። የሚያለቅስ ሰው ፊት እኔ ቄስ አይደለሁም ማለት ከበደኝ። አሁን ግን ደግሜ አልዋሻቸውም" አለኝ። ለጉልበቷ ብለህ ነው ብለው "ለጉልበታቸው ብዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አለ። ያን ጊዜ ጮኼ ሰደብኩት። ስልኮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እሱ ነው ሰዉን ለምኖ ስልኩን ያስወረደልኝ፤ ባይሆን ኖሮ አንቺም ቦሎኛ ሆነሽ ታዪኝ ነበር።

በማግስቱ ብቻውን መጣ። ተራ ሹራብ ለብሶ እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የደም ግፊት ክኒኗን በእጄ ይዣለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መስቀሉ ነው። ከልብስ ክፍሉ የመጣ ነው አላት። "ስግደቱንስ ማን አዘዘው?" ስትለው "ደራሲው ነው፣ እናቴ" አለ። "እናት የለውም?" አለች።

ቀጥላ "የነገርኩህን ለማን አወራህ?" አለችው። ለማንም አላት። "ለሚስትህስ?" ሚስት የለኝም አለ። "ብትኖርህስ?" "ብትኖረኝም አልነግራትም።" ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና "እንግዲያው ተነስ። መኪና ካለህ አባ ገብረጻድቃን ዘንድ ውሰደኝ" አለችው።

ወሰደን። አባ አሁን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ከልጃቸው ጋር ናቸው፤ ከአልጋ አይወርዱም። እማዬ ከሀ ጀምራ ስትነግራቸው እኔና ሊካሳ መኪና ውስጥ ጠበቅን። ምን ነግራህ ነበር ብዬ እንዳልጠየቅኩት ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ጠይቄዋለሁ። "ጋሼ፣ አባ እዚያ አሉልዎት፤ እሳቸውን ይጠይቁ" አለኝ። የሰፈሩ ልጆች ለይተውት ሲከቡን መስታወቱን ዘግቶ አንገቱን ደፋ። ኋላ አባ አስጠሩኝና "ማን ነው አርባ ያላት? እኔ እንኳ ለጎረምሳ አርባ አዝዤ አላውቅም" አሉ። ፊልም ነው አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለእማዬ ተቀምጣ የምትደግመው አቡነ ዘበሰማያት ሰጧት፤ ለቁርባኑም ፈቀዱላት።

ሐሳቤን አልለወጥኩም። እምነት በካሜራ ፊት ሲነገር አሁንም ያመኛል፤ መብረቁና ጭሱም እንደዚያው። ይህን ሰው ግን አንድ ጊዜ ካሜራ በሌለበት አይቼዋለሁና እሱንም መጻፍ አለብኝ። ፊልሙ ለገና ይወጣል። ሜቲ እንደነገረችኝ ሊካሳ ዳይሬክተሩን ተሟግቶ ስግደቱ የሚታዘዝበትን ትዕይንት ድምፅ እንደገና ቀድቷል፤ ቄሱ አሁን ባልቴቷን "ተቀምጠሽ ጸልዪ" ይላታል። መቋሚያው ግን አሁንም እንደ ጦር ነው።

እሑድ ለጽዮን እማዬ ቂርቆስ ቆረበች። በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው የሻረግ ደግፈናት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቀስ ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። የጉልበቷ እብጠት ጎድሏል፤ ያለ ምርኩዝ እስከ በረንዳው ትደርሳለች። ትናንት ጠርታኝ "ለትርሓስ ጻፍላት፤ ደህና ናት በላት። የስግደቱን ነገር ግን እንዳታነሳባት፤ በሰው አገር ታለቅሳለች" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ዮሃንስን ሰላም በዪልኝ፤ አርያምን አያትሽ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም በያት። የሻረግን ናፍቀሻታል፤ ሜቲም እጅ ትነሳለች። እማዬ ግንባርሽን ስማሻለች። አንድ ነገር አደራ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መደወልሽ አይቀርም። ስለ ጉልበቷ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚና "እማዬ፣ እንዴት ነሽ?" ብለሽ ብቻ ጠይቂያት። ደህና ነኝ ስትልሽ እመኛት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማላውቅ እመስላለሁ፤ አንቺም ከዚያ ሆነሽ ትንሽ ተውኚልን።

ወንድምሽ አርአያ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.