ቅድስናውን ለብቻሽ አልተውልሽም

ውድ ኖሪን፣

ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የዓርቡን የጾም ፒሮጊ፣ ያንን በድንችና በሽንኩርት የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ ለመግዛት ተሰልፈን ሳለ፣ አይተሽኝ እንዳላየ ሰው ፊትሽን አዞርሽ። በመካከላችን የነበሩት አንድ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ አላየሁሽም ልትዪኝ አትችዪም። እውነቱን ለመናገር እኔም ላናግርሽ አስቤ አልነበረም። ላኮርፍሽ ነበር የመጣሁት። አንቺ ግን ኩርፊያውንም ቀድመሽ ወሰድሽብኝ፣ እኔ ድንቹንና ሽንኩርቱን ይዤ እንደ ጅል ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ ይህንን ጽፌ በበርሽ ሥር አስገባዋለሁ። አኩርፈሽም ቢሆን እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ የተጻፈ ነገር አይተሽ ማለፍ አይሆንልሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እቀናብሻለሁ። የቅድስት ሞኒካ የስምንተኛ ክፍል የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አብረን ከተጫወትንበት ጊዜ ጀምሮ ስቀናብሽ ኖሬአለሁ። አንቺ ኳስ ስትስቺ ሰው "አይዞሽ" ይልሽ ነበር፣ እኔ ሳገባ "ጥሩ ነው" ይሉኝ ነበር። ኋላ አግብተሽ ከወንዙ ማዶ ሄድሽና የድል እመቤት ቁምስና ልጃገረዶች አሰልጣኝ ሆንሽ። እኔ እዚሁ ሞኒካ ቀርቼ የእኛዎቹን ያዝኩ። በየመኸሩ ለአሰልጣኞችና ለወላጆች የሊጉን የሥነ ምግባር ደንብ ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ፦ ዳኛ አይሰደብም፣ እያንዳንዷ ልጅ ትሰለፋለች፣ በሰፊው እየመራን የተሸነፈውን ቡድን አናዋርድም፣ ቴክኒካል የሚሉት የሥነ ምግባር ቅጣት የተፈረደበት አሰልጣኝ ጨዋታው እስኪያልቅ ከወንበሩ አይነሣም። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ማስቲካ ታኝኪያለሽ። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቴክኒካል ተፈርዶብኝ አያውቅም። አንቺ ሳይፈረድብሽ ያለፈ የውድድር ዓመት የለም።

ታዲያ የመልካም ሥነ ምግባር ዋንጫውን ማን ወሰደ? አንቺ። ያውም ሁለት ጊዜ፣ ያውም የየቁምስናው ልጆች መርጠው። ቆሽቴ አርሮ የራሴን ቡድን ልጅ፣ ቴሬዛን፣ "አንቺስ ማንን መረጥሽ?" አልኳት።

"ኖሪንን" አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

"ለምን?"

"አሰልጣኝ፣ አንቺም እኮ ጎበዝ ነሽ። እሷ ግን የሁላችንንም ስም ታውቃለች። የሌላ ቡድን ሆነን እንኳ ጥሩ ስንጫወት በስማችን ትጠራናለች።"

ስም መጥራት በደንቡ ውስጥ የለም።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። በእኛ አዳራሽ ስለነበር ጸሎቱን የምመራው እኔ ነበርኩ። ታውቂያለሽ፣ በዚህ ከተማ ያለ የቁምስና ቡድን ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከጨዋታ በፊት ጸሎቱን የሚዘጋው "የድል እመቤታችን ሆይ፣ ለምኚልን" ብሎ ነው። ካንቺ ቡድን ጋር ስንገጥም ግን ይህ ጸሎት አይደለም፣ ለናንተ ማጨብጨብ ነው። በገዛ አዳራሼ፣ በገዛ ልጆቼ አፍ፣ የቁምስናሽ ስም ይጮሃል። ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹን "የራሳችንን ቅድስት ነው የምንጠራው፣ ሰምታችኋል?" እያልኩ ሳለማምድ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ሁለቱ ቡድኖች መሀል ሜዳ ላይ ተቀላቅለው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ልማድ ጎተታቸውና በአንድ ድምፅ "የድል እመቤታችን ሆይ" ብለው አዳራሹን አናወጡት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምን ይዋጠኝ። አንቺ ደግሞ ለልጆችሽ ጠቀስ አደረግሻቸውና እነሱ በተራቸው "ቅድስት ሞኒካ ሆይ፣ ለምኚልን" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የኔን ቅድስት ስም አንቺ ጠርተሽ አንቺው ተጨበጨበልሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን በኔ ዓይን ምን እንደሚመስል አታውቂምና ልንገርሽ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ እኩል ሆነን ሳለ፣ ቴሬዛና ልጅሽ ብሪጅት ተጋጭተው ሁለቱም ተዘረሩ። ዳኛው አቶ ፌዶርቻክ ፊሽካውን አልነፋም። አንቺ ከወንበርሽ ዘለሽ ተነሣሽ። ያኔ ነው ያ ጎርናና ድምፅ "ይሄ ዳኛ ዕውር ነው እንዴ? በሬ!" ያለው። አቶ ፌዶርቻክ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር፤ ዞር ሲል አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ቆመሻል። ድምፅሽ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የጉሮሮ ሕመምተኛ ድምፅ ነው። ቴክኒካል ፈረደብሽ።

ድምፁ ያንቺ አልነበረም። የቄሳችን ያባ ካሲሚር ነበር። ከሰዓት ያዦቹ ጠረጴዛ ጀርባ፣ በኔና ባንቺ ወንበር መካከል፣ እጃቸውን እጭናቸው ላይ አጣምረው እንደ ጻድቅ ተቀምጠዋል። እሳቸውን አየሻቸው። እኔ ደግሞ አንቺን ስታያቸው አየሁሽ። አፍሽን ዘጋሽ፣ እጅሽን ከጭንሽ ሥር ሸጎጥሽና ቁጭ አልሽ። ልጆችሽ ያላንቺ ጩኸት በአንድ ነጥብ አሸነፉን። የኔዋ ቴሬዛ ተሸንፋ ለቅሶዋን ለማን አለቀሰች? አንቺ ትከሻ ላይ።

ያ ቴክኒካል ለዘንድሮ ሁለተኛሽ ነበር፤ የመጀመሪያውን በጥር ፎጣ ወርውረሽ አግኝተሻል። ሁለት ከሆነ ቀጣዩን ጨዋታ አታሰለጥኚም፤ ቀጣዩ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ውድድር ነው። ብሪጅት ስምንተኛ ክፍል ናት። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች፣ ሌላ ሰው ነው የሚያሰለጥናት። እናቷ አሰልጣኟ ሆና አጠገቧ የምትቀመጥበት የመጨረሻ ቀን ያ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ኖሪን፣ እሰይ አልኩ በሆዴ። ሊጉን የሚመራው ዲያቆን ሩዲ እዚያው አዳራሹ ውስጥ መጥቶ "ኖሪን ከታገደች ልጆቹን ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ሁለተኛ የወጣው አሰልጣኝ ይተካል ይላል ደንቡ" ሲለኝ፣ የማዘን ፊት ለማሳየት ብዙ ታገልኩ። እግዜር ልጅ አልሰጠኝም። የሰው ልጆች እያሰለጠንኩ ነው ያረጀሁት፤ በየዓመቱ ትልልቅ ሆነው ይሄዱብኛል። ብሪጅት እረፍት ሲጠራ እየሮጠች ወደኔ ስትመጣ፣ ላቧን እየጠረገች ዓይን ዓይኔን ስታይ፣ ይህን እያሰብኩ ነው ሦስት ቀን የዋልኩት።

ማክሰኞ ማጀቴ ድረስ መጣሽ። ካፖርትሽን እንኳ አላወለቅሽም።

"ሰምተሻል አይደል?" አልሽኝ።

"ምኑን?"

"ተይ እንጂ ሎሬታ። እኔ ሳልሆን እሳቸው መሆናቸውን።"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ነገ የሊጉ ጉባኤ ስለ ቅጣቱ ሲጠይቅሽ አልሰማሁም በይ። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ በዚህ እንዲያስታውሳቸው አልፈልግም።"

"ብሪጅትስ?"

"ካንቺ ጋር አይደል የምትሄደው? አንቺ ካለሽ ምን ያሳስበኛል?" ብለሽ ብስኩቴን አንሥተሽ እየበላሽ ወጣሽ።

ሳህኑን ግድግዳው ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ቀምቼ ልወስዳት የተመኘኋትን ልጅ አንቺ እንደ ጃንጥላ አዋስሽኝ። እኔ ስመኝ ሌባ፣ አንቺ ስትሰጪ ለጋስ። ይህ ፍርድ ነው?

ረቡዕ ጉባኤው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በነዚያ የአንደኛ ክፍል ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀመጠ። አባ ካሲሚር እንደ ሁልጊዜው ጸሎት ከፍተው ጥግ ይዘው ያንቀላፋሉ። ዲያቆን ሩዲ "ኖሪን፣ የምትዪው አለ?" አለ። "የለም" አልሽ። "ሎሬታ፣ አንቺ ቅርብ ነበርሽ" አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ በየፊናው ይተረጉመዋል። አንዳንዱ ሎሬታ ለእውነት ቆመች ይላል። አንቺ ደግሞ ሽማግሌውን አሳልፋ ሰጠች ትያለሽ። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። እኔ ያሰብኩት ይኸን ነው፦ ዝም ካልኩ ትታገጃለሽ። ልጆችሽን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባሸንፍ ያንቺ ቡድን ነው፣ ብሸነፍ የኔ ጥፋት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ነገሩ ይወጣል፤ እዚህ ከተማ ያልወጣ ነገር የለም። ከዚያማ በየዓርቡ ፒሮጊ እየበሉ "ኖሪን ማለት እኮ ለሽማግሌው ቄስ ክብር ብላ የልጇን የመጨረሻ ጨዋታ የተወች ናት" ሲሉ ልሰማ ነው። ዋንጫሽን ችያለሁ። ጭብጨባሽን ችያለሁ። ቅድስት ሆነሽማ አልችልሽም። በዚህ ዓለም አልደርስብሽም፣ በወዲያኛውም ከበላዬ ልትቀመጪ ነው።

ስለዚህ ተነሣሁና "ኖሪን አይደለችም። አባ ናቸው" አልኩ።

ዲያቆን ሩዲ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወደ አባ ጆሮ ጎንበስ አለና "ቅዳሜ ዕለት ዳኛውን ዕውር ብለዋል ነው የምትለው፣ አባ" ብሎ ጮኸ።

አባ ካሲሚር ብንን አሉ። "በልቤ ነበር እኮ ያልኩት" አሉ።

የምር ነው። ጆሯቸው ከመድከሙ የተነሣ ጮኸው የተናገሩትን በሆዳቸው ያሰቡት መስሏቸዋል። አቶ ፌዶርቻክ ጉሮሮውን ጠረገና "አባ፣ እርስዎ በልብዎ የሚሉት ሁሉ ይሰማል። የኔን ኑዛዜም ወረፋ የያዘው ሕዝብ በሙሉ ከርስዎ አፍ ሰምቶታል" አለ። ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያች ትንሽ ወንበር እንደምንም ተነሥተው፣ "ደንቡ ተመልካችንም ይጨምራል። ዘንድሮ አዳራሽ አልገባም" አሉና ቆባቸውን አነሡ። ማንም ሳያግዳቸው ራሳቸውን አገዱ። በኔ በኩል ሲያልፉ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ልነሣ፣ ክንዳቸውን ልይዝ ፈልጌ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ። ካፖርታቸውን ይዘሽ እየሮጥሽ ተከትለሻቸው ወጣሽ፣ በሩ ላይም ዞረሽ ያንን አስተያየት አየሽኝ። እገዳሽን ያስነሣሁልሽ እኔ፣ ሰው "ደግ ሴት" ብሎ ያወራልሽ ግን አንቺ።

ትናንት ሐሙስ ወደ አባ ቤት ሄጄ ነበር፤ ይህንን አታውቂም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብጀምር አልሰሙኝም፤ ብጮህም አልሰሙኝም፣ ወይም ሊሰሙኝ አልፈለጉም። ሾርባ አጠጡኝ። ልወጣ ስል ግን "የነገ ወዲያውን ውጤት ወዲያው ደውለሽ ንገሪኝ፣ ጮክ ብለሽ" አሉኝ። ለኔ ነው ያሉት፣ ላንቺ አይደለም። ይችን አትወስጂብኝም።

እንግዲህ ነገ መጥቼ ከወንበርሽ ጀርባ እቀመጣለሁ። ብትፈልጊ ፊትሽን አዙሪ። ፎጣ ልትወረውሪ ስትነሺ ቀሚስሽን ይዤ አስቀምጥሻለሁ። ብታሸንፉ አጨበጭባለሁ፣ ከልቤም ይሆናል፤ በዚህ አትጠራጠሪ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ዞር ብለሽ አትፈልጊኝ። ብሪጅት ወደ አንቺ ስትሮጥ እኔ ለአባ ልደውል ወጥቻለሁ። እሱን ቆሜ ማየት አልችልም።

ቅናቷ ያልወጣላት፣
ሎሬታ