ሰላም ስለ አለቆቿ የጻፈችው

ሰኞ

ዳዊት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእህቴ ከሰላም ጋር ችግኝ ጣቢያ አብረው ይሠሩ ነበር። ዛሬ ከሞተች ሠላሳ አንድ ቀኗ ነው።

ድርጅታቸው ትልቅ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው። በዓመት አንዴ ሠራተኛው ስለ አለቆቹ ያለውን አስተያየት ስሙን ሳይጠቅስ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ዘንድሮ ሳጥኑ የሚከፈተው ዓርብ ነው።

«ስም ባንጽፍም ማን እንደጻፈው ይደርሱበታል። ሁሉም ‹ጥሩ› የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይገላገላል» አለ ዳዊት። «አሁን ግን በሰላም ስም እንጽፋለን። የሞተ ሰው ከሥራ አይባረርም።»

ከዚያ አለቃቸው ወይዘሮ ሂሩት የሕክምና ፈቃድ ከልክለዋት እንደነበር ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ራሷ ነበረች ቤት የነገረችን፤ ተከላው ሳያልቅ ሐኪም ቤት አትሄጂም ተብያለሁ ብላ። ዳዊት ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ከሞተች ወዲህ ዛሬ ገና ራበኝ።

ማክሰኞ

ሂሳብ ፈተና፤ ከሃያው አራት አገኘሁ።

ለእማዬ የዳዊትን ነገር ነገርኳት። «ይጻፉ፣ ይጻፉባት» አለች። ወይዘሮ ሂሩት ለቅሶ ሲመጡ እማዬ ፊቷን አዙራ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አይቷል። ሴትየዋ ጥግ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ወጡ።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ለአርባዋ ልብሷን ለነዳያን እንሰጣለን። እማዬ መንካት ስላልቻለች እኔ ለየሁት። ሹራቧን አስቀረሁ፤ አልነገርኳትም።

የሥራ ቦርሳዋ ውስጥ፦ ጭቃ የደረቀበት ካልሲ፣ ሜትር፣ ብስኩት፣ ግማሹ ያለቀ የሕመም ማስታገሻ። የአስተያየቱ ወረቀትም ነበር። ሞልታዋለች።

‹የበላይ ኃላፊዎች ሠራተኛውን ያዳምጣሉ?› ለሚለው፦ «አያዳምጡም። ፎቶ ለመነሳት ይመጣሉ። ችግኙ ሲተከል ይቆጠራል፣ ሲደርቅ የሚቆጥር የለም።»

‹የቅርብ አለቃዎስ?› ለሚለው፦ «ወይዘሮ ሂሩት ያዳምጡኛል። ሁለት ጊዜ የሕክምና ፈቃድ ፈርመው ሰጥተውኛል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ የሚነግሩኝን ፈርቼ።»

የተፈረሙት ሁለቱ ወረቀቶች ከሥር ተጣጥፈው ነበር።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ዳዊትን ታክሲ መያዣው ጋ አገኘሁትና አሳየሁት። ሁለቴ አነበበው።

«ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ» አለ። «ሂሩት ናት የገደለቻት ተብሏል።»

«ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ ይሉሃል።»

«ይበሉኛ።»

 ከደብተሩ ያን ገጽ ቀደደና ኪሱ ከተተው። የሰላምን ወረቀት እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምረዋል። የተናገርኩት ስህተት መሆኑንም ለሁሉም እንዲነግር አስማልኩት።

«አንተስ የራስህን አትጽፍም?» አልኩት።

«እኔ እኮ በሕይወት አለሁ» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። ወረቀቱን ትላንት በስልኬ አንስቼው ነበር፤ አነበብኩላት። ድገመው አለች። ደገምኩት።

«ለእኔስ ለምን ዋሸች?»

 እማዬ በየቀኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ሂጂ ትላት ነበር። ሰላም ያን ያለችው ዝም ልታሰኛት ይመስለኛል። ይህን ግን አልተናገርኩም።

ከዚያ «ደውልላት» አለች። «አንተ አናግራት። እኔ አፌ አይፈታም።»

ወይዘሮ ሂሩት ወዲያው አነሱ። የሰላም ወንድም ነኝ፣ በስምዎ ያልሆነ ነገር አውርቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ለአርባዋ እንዲመጡ እማዬ ትፈልጋለች አልኩ።  ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«እጇን ይዤ ልወስዳት ይገባኝ ነበር» አሉ።

«እኛም» አልኩ።

እማዬ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። ይምጡ አይምጡ ሳላውቅ ስልኩ ተዘጋ።

እስከ ዛሬ የምጠላው ሰው ነበረኝ። አሁን ሰላም ብቻ ቀረችኝ። እሷን ደግሞ መቆጣት አልችልም።