የአባባ እንቅልፍና የሐዘን ቤት ክራር

እማዬ፣

ከፋሲካ በፊት ጥለሽን ሄድሽ፤ ይኸው መስቀልም አለፈ። አርባሽንም ሰማንያሽንም አውጥተናል። እንዴት ነሽ እንዳልልሽ ያለሽበትን አላውቀውም። የእኛን ግን ልንገርሽ፤ መርሮኛል። በአባባም፣ በእህታቸውም፣ በሰፈሩም መርሮኛል። አንቺን ባልቆጣሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትንሽ አንቺም አለሽበት።

በመጀመሪያ የአባባን ነገር ስሚ። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ቤታቸው ካንቺ ቀብር ወዲህ ሳይከፈት ከረመ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ያቀረብኩላቸውን አንድ ሁለቴ ጎርሰው ይገፉታል። እንቅልፍማ ጭራሽ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ "ሐዘን ነው፣ ይወጣላቸዋል" ሲለኝ ከረመ፤ እኔም አምኜ ጠበቅሁ። አንድ ጠዋት ግን "ደግሞ ለምን ነጋ?" ሲሉ ሰማኋቸውና ደነገጥኩ። እየተቆጡኝ ሚኒባስ አሳፍሬ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ሁሉንም ጠየቀቻቸው። ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል ነግራን መድኃኒት ጻፈች። ከዚያ "አባቴ፣ ማታ ሲተኙ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። መድኃኒቱን አይተካም፤ እንቅልፉን ግን ሊያግዝዎት ይችላል" አለቻቸው። አባባ ማዘዣውን ተቀብለው ወጡ። ወደ መናኸሪያ የሚወስደን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ነው የፈነዱት፤ "ዘፈን ስማ ለመባል ነው እስከ ወልድያ ያንከራተትሽኝ?" ከዚያ እስከ መርሳ አላናገሩኝም።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብዙ ሰው ይተኛበታል ሲሉኝ በስልኬ የዝናብ ድምፅ አወረድኩ። አባባ ከአልጋቸው ዘለው ተነሡ! "በርበሬው! በርበሬው ውጭ ነው!" እያሉ ግቢ ወጥተው የተሰጣውን በጨለማ መሰብሰብ ያዙ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሞልቶታል። ከስልኩ ነው ብላቸው ጭራሽ ተናደዱ። ቀጥዬ አንቺ የምትወጂያቸውን የአምባሰል ዘፈኖች ከፈትኩ። ምነው እጄን በቆረጠው! የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመሩ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ግጥም ያለው ነገር እንደማይሆን ገባኝ። ዋሽንት ሞከርኩ፤ "ፍየል ጠባቂ ልታደርጊኝ ነው?" አሉ። በመጨረሻ ዘፋኝ የሌለበት፣ ቀስ እያለ የሚሄድ ክራር አገኘሁ። ምንም አላሉም። እሳቸው ምንም አለማለታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ይሄኔ ደግሞ አክስቴ ዘነቡ ተነሡብኝ። ለለቅሶ ከውርጌሳ እንደመጡ እዚሁ ናቸው፤ ቤቱንም እኔንም እያስተዳደሩ። "ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ክራር? የአዝማሪ ቤት ልታደርጊው ነው? ሰው ምን ይላል?" አሉ። የሐኪም ምክር ነው ብላቸው "እሷ እናቷ አልሞተችባት" ብለው ስልኬን ቀምተው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ይባስ ብለው የእድሩን ሴቶች ጠሩብኝ። እማዬ፣ ያንቺን የልብ ጓደኞች! ተደርድረው ተቀምጠው እናቴን ቶሎ እንደረሳሁ ሲነግሩኝ በንዴት ብድግ አልኩ።

አባባ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ከመኝታ ቤት የወጡት ያን ጊዜ ነው። ከቀብርሽ ወዲህ እንግዳ ፊት ወጥተው አያውቁም።

"ሚስቴ ማታ ማታ አልጋችን ላይ ሆና ውሎዋን ታወራልኝ ነበር" አሉ። "ማን ከማን እንደተጣላ፣ ገበያው እንዴት እንደዋለ። በወሬዋ መሐል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ቤቱ ጭር አለብኝ። ክራሩ ሐዘኔን አይወስድብኝም፤ ጭርታውን ነው የሚያባርርልኝ። ልጄን ተዉአት።"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ትዝ ይልሻል? አባባ ማንኮራፋት ሲጀምሩ "ለማን ነው የማወራው?" ብለሽ ስትቆጪ እኔ ከወዲያኛው ክፍል እስቅ ነበር። ሰውዬውን በወሬ አስለምደሽ መሄድሽ ነው እንግዲህ፤ አንቺም አለሽበት ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አክስቴ ስልኩን መለሱልኝ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን የለም። ጥቂት ቀን አኮረፉኝ። ከዚያ አንድ ማታ ከክፍላቸው ሆነው "ከከፈትሽው አይቀር ከፍ አድርጊው፤ እኔ ዘንድ አይሰማም" አይሉኝ መሰለሽ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አሁን ሁለቱም ይተኛሉ። አባባ ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚከፋባቸው ቀን አለ፣ መድኃኒቱንም በጭቅጭቅ ነው የሚውጡት። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጎሚስታ ቤቱን ከፍተው አንድ የአይሱዙ ጎማ ጠገኑ። ሾፌሩን ሲሳደቡ ከሩቅ ሰምቼ ደስ አለኝ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። እነሱ ሲያንኮራፉ ዓይኔን አፍጥጬ ክራሩን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። "አንቺስ ትተኛለሽ ወይ?" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጠንካራ ናት ይላል፤ ጠንካራ መባል ሰልችቶኛል! ትናንት ለአባባ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ለሐኪሟ የራሴንም ልነግራት እንዳሰብኩ። እሳቸውም "እኔ ነኝ የምወስድሽ" አሉ።

እማዬ፣ አንቺን ለማስታወስ ቤቱ ዝም ማለት፣ እኔም ነቅቼ ማደር የለብኝም። ጥቁሬን ሳወልቅም አስታውስሻለሁ፤ ስስቅም፣ ስቆጣሽም አስታውስሻለሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ ዕለት የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ።

ልጅሽ ብርቄ፣
ከመርሳ