ክላክስ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ

ለክቡር የደሴቲቱ የመንገድና የእንግዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሂሎ፣ ሃዋይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ኩላሊትዎ እንደምን ነው? ኩላሊትን ለይቼ መጠየቄ እንግዳ አይሁንብዎ፤ በእኛ ሰፈር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ እሱ ነው። እኔ ሉይካ ካሃናኑይ፣ በፑና ወረዳ በባሕሩ በኩል የምኖር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ፓላኒ ግን በመንገድዎ ላይ ሞቷል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ደከመበት ነገር ሁሉ በሕዝብ ፊት ላመሰግንዎ ስለ ወደድሁ ነው፤ እንደርስዎ ያለውን ሰው በር ዘግቶ ማመስገን ንፉግነት ነው።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ። ቅልጥ አለት የባሕር ዳሩን መንገድ ሲበላው ማንንም አልከሰስንም። የእሳተ ገሞራዋ እመቤት ፔሌ የራሷን መሬት ልትወስድ ስትመጣ፣ በአያቶቻችን ሥርዓት ቤታችንን ጠርገን፣ አበባ አኑረን ነው የምንለቅላት። እሷም ብትሆን ጨዋ ናት፤ እየጨሰች፣ ቀስ እያለች፣ «መጣሁ» እያለች ነው የምትመጣው። ኋላ የእርስዎ ቡልዶዘሮች ሲመጡ እሰይ፣ መንገዳችን ሊከፈት ነው አልን። ጠረጉ፣ ደለደሉ፣ በቀዘቀዘውም አለት ላይ መኪና ማቆሚያና መመልከቻ ሰገነት ሠርተው ሄዱ። መንገዳችን የት እንደ ተቀበረ አረፍ ብለን የምናይበት ምቹ ቦታ ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ከመንደራችን ወደ ሂሎ የሚያወጣው ያው አንዱ የተራራው መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ የኩላሊት እጥበትም በእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዞ መምሪያዎ። «ታላቋን ደሴት በአንድ ቀን ይዙሩ» የተባለው መጽሐፍዎ በእውነቱ ድንቅ ነው፤ ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ ሻንጣውን ሳይቀበል ይታደለዋል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ፏፏቴውን አይቶ፣ በአንድ ሰዓት ቁርሱን በልቶ፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ላይ እኛ መንገድ ላይ እንዲገጥም አድርጎ ያቀደው ሰው ደመወዝ ይጨመርለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንግዶችዎ ሞኞች አይደሉም፣ ወረቀቱ ግን የእርስዎ ነው። ከመሬቱ ስንጥቅ እንፋሎት የሚወጣበት ኩርባ ላይ ሲደርሱ «አይቸኩሉ፤ መኪናዎን አቁመው የደሴቲቱን ትንፋሽ ያዳምጡ» ይላቸዋል። ዳር የሚያቆሙበት ስለሌለ እመሀል መንገዱ ላይ ያቆማሉ። ያዳምጣሉ።

ፓላኒ በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊቱን የሚታጠብ ሰው ነበር። ረቡዕ ዕለት የደሴቲቱ ትንፋሽ እስኪደመጥ ቆመን ሰዓቱ አለፈና የመታጠቢያ ወንበሩ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ «ዓርብ ኑ» አሉን። ሰውነቱ እንዳበጠ ይዤው ተመለስሁ። «ደሴቲቱስ ተነፈሰች፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ ይልቅ ባለ ውለታዎ ስላደረገኝ ነገር፣ ማለትም ስለ ክላክስ። በደሴታችን በንዴት ክላክስ የሚያደርግ የለም። አጭር ጢጥ ማለት «እንዴት አደርክ» ነው፤ «አሳለፍከኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ «እናትህን ሰላም በልልኝ» ነው። ፓላኒማ በጎረቤታችን በጋሼ ፍሎሮ በር ሲያልፍ ውሻውን ሳይቀር ሰላም ይል ነበር። እርስዎም ይህን የቤታችንን ልማድ በትልልቅ ፊደል አሳትመው አደሉት፦ «እንደ ደሴት ሰው ይሁኑ! ክላክስ ሲሰሙ አይደንግጡ፤ ሰላምታ ነው። አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣትዎን ዘርግተው እጅዎን ያንሡ፤ ፈገግ ይበሉ።»

ዓርብ ማልደን ወጣን። እንግዶችዎ ግን ቀድመውን ነበር፤ ስለ ፀሐይ መውጫ የጻፉትን ገጽ አለማንበቤ ነው። ኩርባው ላይ ሰልፉ ቀጥ አለ። ፓላኒ «ሉይካ፣ ደረቴን ከበደኝ» አለኝ። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ እሱም ከሂሎ በኩል መጥቶ ከሰልፉ ወዲያ ማዶ ተገተረ። ያን ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ ክላክሱን በመዳፌ ተጭኜ አልለቅም አልሁ።

ከፊታችን ያሉት ሁሉ ዘወር አሉ። ፈገግ አሉ። ሁለቱን ጣታቸውን ዘርግተው እጃቸውን አነሡ። እኔ የባሰ ተጫንሁ፤ እነሱም የባሰ ደስ አላቸው። አንዱ ጎረምሳማ በመኪናው ጣራ ብቅ ብሎ ሁለቱንም እጁን አነሣልኝ። ወርጄ እየሮጥሁ የመኪና መስኮት ስደበድብ አንዲት ሴትዮ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «እትዬ፣ እኛም እንወዳችኋለን!» አለችኝ፤ ታላላቆችን «እትዬ» በሉ የሚለውም የእርስዎ መጽሐፍ ነው። «ባሌ እየሞተ ነው! መንገድ ልቀቁልኝ!» ብዬ ጮህሁ። ክው አለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እንባዋ ወዲያው ዱብ ዱብ አለ። ግን ወዴት ትልቀቅ? ከፊቷም ከኋላዋም እጁን ያነሣ ሰው ሞልቷል።

ስመለስ ፓላኒ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ወደ ሰዎቹ ያያል። «ምነው ዛሬ ሰው ሁሉ ወደደን?» አለኝ። ከዚያ ያን በመርፌ የተበሳሳ እጁን በመከራ ከጭኑ ላይ አንሥቶ ሰላምታቸውን መለሰላቸው። ሰላምታ ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ እናቱ እንዲያ አድርጋ አላሳደገችውም። እጁ ሲወርድ ትንፋሹም አብሮ ሄደ። ክላክሱን ከዚያም በኋላ ሳስጮኸው እንደ ቆየሁ ይነግሩኛል፤ እኔ አላስታውስም። አንጀቴ ነው ያረረው፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ብቻ ያለ ምስጋና ይቀበሉኝ።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብደውል አንዲት አንደበተ ርቱዕ ልጅ «እትዬ ሉይካ፣ በጣም አዝነናል፤ ግን እኮ የዓመቱ መጽሐፍ ታትሞ አልቋል። ደግሞ እንዲያ ያልነው ልማዳችሁን አክብረን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አክብራችሁናል። የልማዳችን ሌላው ግማሽ ግን ገጹ ላይ አልበቃ ብሎ መሰለኝ የቀረው፦ እኛ ክላክስ ስንሰማ፣ እጅ ከማንሣታችን በፊት የነፋውን ሰው ፊቱን እናያለን።

ልመናዬ ጥቂት ነው። ጋሼ ፍሎሮም ኩላሊቱን የሚታጠብ ነው፤ ሰኞ በዚያው መንገድ ይሄዳል። «ሉይካ፣ እኔስ ከዛሬ ጀምሬ በእግሬ ብነሣ ሳይሻለኝ አይቀርም» ይለኛል። ያሹፍ እንጂ እህል ከአፉ እንደማይገባ ሚስቱ ነግራኛለች። ስለዚህ ኩርባው ላይ መቆም ይከልከልልን። ያቺ የክላክስ ገጽ ትቀደድ፤ ሠራተኛ ከጠፋ እኔ መጥቼ ከየመጽሐፉ እየቀደድሁ አወጣለሁ። የባሕር ዳሩንም መንገድ ከሰገነትዎ ሥር ፈልገው ያውጡልን።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ እዚያው ሂሎ ከሆስፒታሉ ደጃፍ መኖርዎንም ይባርክልዎ።

እጅ ነሥቼ ሳይሆን፣ በመምሪያዎ መሠረት እጅ አንሥቼ የምሰናበትዎ፣
ታዛዥ ነዋሪዎ
ሉይካ ካሃናኑይ፣ የፓላኒ ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የፊታችን ቅዳሜ ፓላኒን ወደ መቃብር የምንወስደው በዚያው መንገድ ነው፤ ሌላ የለንምና። ወንድሞቹ «ክላክስ እያደረግን ካልሸኘነው» ብለዋል፤ ልከለክላቸው አልቻልሁም። እንግዶችዎ እጃቸውን ያነሡ እንደ ሆነ እኛ ለቅሶ ላይ ነን፤ እሱም በዚህ ጊዜ አይመልስላቸውም። እንዳይቀየሙት አስቀድመው ይንገሩልኝ።