ጉበቴና የዘሀራ ኩባያ

ሰኞ
ይደረግልኛል! ሐኪሙ ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። የጉበት ካንሰሬን በቀዶ ጥገና ማውጣት አይቻልም፤ ግን የኬሞ መድኃኒቱ በመላ ሰውነቴ ሳይዞር እዚያው ይደርሳል። በብሽሽቴ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ጉበቴ ይወስዱታል፤ ኬሞውን እጢው ላይ ያፈሳሉ፤ እጢውን የሚመግበውን ሥር ይዘጋሉ። ጉበቱን በወረቀት ሣለልኝ። «ግራና ቀኙን አሳስተሃል» አልኩት። «ፊት ለፊትዎ ሆኜ እኮ ነው የምስለው፣ ቲቸር» ብሎ ሣቀ። እውነቱን ነው። ስንት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ!

የሚመጣው ሰኞ አዲስ አበባ። የደም ምርመራዬ ጉበቱ ደክሟል ካለ ግን ሕክምናው ይቀራል።

ማክሰኞ
ጎረቤቴ ዘሀራ ከሲሬ ያመጣችውን የወፍ በሽታ መድኃኒት በኩባያ ይዛ መጣች። የወፍ በሽታ የለብኝም፣ ዓይኔም ቢጫ አይደለም አልኳት። «ማሎ ቲቸር፣ ለዚህ ብዬ ሲሬ ድረስ ተንከራትቼ?» ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ከጎኔ ያልተለየች ሴት ናት። ጠጣሁት። አረንጓዴ፣ መራራ።

ረቡዕ
ከሐኪሙ ቢሮ ነርሷ ደወለች። «የባህል መድኃኒት ወስደዋል?» «አልወሰድኩም።»
ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ብገልጥ አንድ መስመር አልገባ አለኝ። የሚዋሽ ተማሪ ጥግ አቆም የነበርኩት እኔ!

ሐሙስ
ደውዬ ተናዘዝኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምን ያህል ጠጡ?» «አንድ ኩባያ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።» «ሁለተኛ እንዳይነኩት፤ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ቅዳሜ ደም ይስጡ፤ ከዚያ እንወስናለን።»
ለዘሀራም ነገርኳት። ክው አለች። «ልገድልዎት ነበር?» «እስካሁን አልገደልሽኝም፤ ተቀመጪ።»

ቅዳሜ
ላቦራቶሪው በር ላይ ዘሀራ ቀድማኝ ቆማለች። ከሰዓት ውጤቱ መጣ፤ ጉበቴ አልተበላሸም! ሐኪሙን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። ዝም በይ አላልኳትም።

እሑድ
ሚኒባስ። ቆላው ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ዘሀራ አብራኝ ናት፤ ማን እንደጋበዛት አላውቅም።

ሰኞ
ተደረገልኝ! ሲሠሩልኝ ነቅቼ ነበር። የጉበቴን ሥሮች በስክሪን አየሁ፤ ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ይመስላሉ። አሁን እግሬን ሳላጥፍ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ያሳፍራል። ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ማቅለሽለሽ፤ ይጠበቃል ብለውኛል። እጢው መሞቱን የሚነግረን ከወር በኋላ የሚነሣው ሲቲ ስካን ነው።

ዘሀራ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣለች። አንዲት ነርስ ኩባያ ይዛ ስትገባ ተነሥታ መንገዱን ዘጋችባት። «ምንድን ነው ውስጡ?»
ውሃ ነበር። ዘሀራ ቀምሳ እስክትሰጠኝ ጠበቅሁ።