ሦስት ጣት የሰፋው እጅጌ

የምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ሱቅህን ዘግተን የስፌት መኪናህን ቤት አምጥተናታል፤ መስኮቱ ስር ናት። የጅግጅጋ ንፋስ እንደ ድሮው ቆርቆሮውን ያንኳኳል። እኔም እንደ ድሮው ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኛል።

አምና ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ሥራ ሲከፋፈል አፍሬ ዝም ስላልኩ፣ ማንም ያልፈለገው ደረሰኝ፦ መጀመሪያ ከመንኮራኩር ወጥተው ጠፈር ላይ የተንሳፈፉ ሰዎች ልብስ። ስነግርህ መነጽርህን አውልቀህ ስንት ድርብ እንዳለው ጠየቅኸኝ። ከደብተሬ አነበብኩልህ፦ ገላ የሚነካ ስስ ልብስ፣ አየር የሚይዝ ላስቲክ፣ ላስቲኩ እንዳይነፋ የሚጨብጠው ጠንካራ ጨርቅ፣ ሙቀትና ብርድ የሚመልሱ ብልጭልጭ ድርቦች፣ ከላይ ነጭ ልብስ። ሙሉውን ባንችል አንድ እጅጌ እንሰፋለን አልከኝ። ላስቲኩን ከአሮጌ ጎማ፣ ጠንካራውን ከድንኳን ሸራ፣ ብልጭልጩን ከብስኩት መጠቅለያ አገኘን።

እጄን አስገብቼ በብስክሌት መንፊያ ስትነፋው ክንዴ እንደ ግንድ ቀጥ አለ፤ ክርኔ አልታጠፍ አለኝ። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣችው እንደ አክስት የማያት ጎረቤታችን ኤዶ ሆዳን፣ ይቺ ልጅ በካራማራ ንፋስ ልትበር ነው ብላ ሳቀችብን። ዩኒፎርሜን ሁሌም ሳድግ እንዲበቃኝ ሦስት ጣት አስፍተህ ነበር የምትሰፋው። ሸራውንም በልማድህ እንዲሁ አስፍተኸው ኖሯል። መጀመሪያ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈው ሰውም ልብሱ ተነፍቶበት ተመልሶ መግባት ቸግሮት እንደነበር፣ አየሩን ቀንሶ እንደገባ መምህራችን ነገሩኝ። ይህን ስነግርህ ሸራውን በጣትህ ለካህና፣ «ለአየር ቦታ ተውኩለት። ቦታ የሚተወው ለልጅ ነበር» አልክ። ነገ አጠብበዋለሁ ብለህ ነበር። በማግስቱ ታመምክ፤ መርፌህ ሸራው ላይ እንደተሰካ ቀረ።

አምና ሳላቀርበው ቀረሁ፤ ዘንድሮ መምህሩ እጅጌውን ይዤ እንድቀርብ ደግመው ጠየቁኝ። እማዬ እንዳለ ውሰጂው አለችኝ። የመጨረሻ ስፌትህን መፍታት ለእኔም ከበደኝ። ግን ሰው ፊት ቢነፋ የሚሳቀው ባንተ ስፌት ነው። ስለዚህ ፈታሁት። ክሩን ጠቅልዬ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ሸራውን ባንተው መርፌ አጠበብኩት።

በትርኢቱ ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አየሩ ሲገባ ግን ክርኔ ታጠፈ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ታጠፈ። አንዲት ተማሪ ከውስጥ ያበጠው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ያተረፈልኝ ነው አልኳት፤ ያኔ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ትርፍ አይቆረጥም፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል ትል ነበር። አልቆረጥኩትም፣ አባዬ። ልብስ በሰፋሁ ቁጥር ሦስት ጣቴን ጨርቁ ላይ ዘርግቼ እለካለሁ፤ ያኔ ሁልጊዜ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ